የሟቾች መዝገብና አክቹዋሪ የሚባለው ሙያ

በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የእድራችን ዳኞች፣ እናቶችና አባቶች፣ እንዲሁም ወንበር አልበቃ ብሏችሁ ከኋላ የቆማችሁ ወጣቶች፤

 ዛሬ ንግግር እንድናደርግ የታዘዝነው እኛ፣ እንደምታውቁን ዕድሜያችንን በመሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሥራ የጨረስን፣ ትምህርታችንም ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰዎች ነን። ስለዚህ ስለ ትልቅ ሙያ ስንናገር ብትሰሙን አትሳቁብን። የሰማነውንና የገባንን ያህል ነው የምናቀርበው።

ነገሩ የተነሣው አምና በነሐሴ መጨረሻ ነው። ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። በዓመቱ ውስጥ ሰባተኛውን አባላችንን ቀበርን። ለሟች ባለቤት በደንባችን መሠረት 15,000 ብር ሊሰጣት ሲገባ፣ ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን ቢያይ የተገኘው 8,000 ብር ብቻ ሆነ። ድንኳኑ ተተክሎ፣ ንፍሮው ተቀቅሎ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ እኛና ዳኛው ወደ ጓዳ ገብተን «እትዬ፣ የቀረውን በኋላ እናመጣለን» አልናት። እሷም አንገቷን ደፍታ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። መስከረም ላይ እከፍላለን ብለን የሕፃን ለቅሶ መጣና ገንዘቡ ወደዚያ ሄደ። የቀረችውን 7,000 ብር የሰጠናት ጥቅምት ላይ ነው። እኛ ያን ዕለት ከጓዳ ስንወጣ የተሰማንን እናውቀዋለን።

ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ብዙ ተወራ። ገንዘብ ያዡ በልቶ ነው ያለም አለ። ኦዲተሮቹ መርምረው አንድ ሳንቲም እንዳልጎደለ አስታወቁ። ታዲያ ገንዘቡ የት ሄደ? ይህን ያስረዳችን የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ በዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ የምትማር፣ ለክረምት የመጣች። «ጋሼ፣ እስቲ የሟቾችን መዝገብ ያምጡልኝ» አለችን። መዝገቡን ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የያዝነው እኛ ነን። ሁለት ቀን ተቀምጣ ስትቆጥር ዋለች።

ያገኘችውን እንንገራችሁ። በመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ከአባላትና ከባለቤቶቻቸው የሞቱት 17 ነበሩ። ባለፉት 5 ዓመታት ብቻ ግን 21 ናቸው። አየር ተበላሽቶ አይደለም። እድሩን ስናቋቁም ጎልማሶች ነበርን፤ አሁን ሸምግለናል። ወጣቱ ደግሞ አዲስ አበባ ሄዷል፣ ደቡብ አፍሪካ ሄዷል፣ ያልሄደውም «ገና ነኝ» እያለ አይመዘገብም። እድሩ ከኛ ጋር አብሮ አረጀ ማለት ነው።

ቀጥላ ሒሳቡን በወረቀት አሰፈረችው። 240 አባወራ በወር 50 ብር ሲከፍል በዓመት 144,000 ብር ይሆናል። በአማካይ 4 አባል ወይም የትዳር ጓደኛ ይሞታል፤ ለእያንዳንዱ 15,000፣ ድምሩ 60,000። ሦስት ልጆች በ8,000፣ ይህ 24,000። የአባት፣ የእናትና የአማት ለቅሶ 8 ያህል በ6,000፣ ይህ 48,000። ጠቅላላው 132,000 ሆኖ 12,000 ይተርፈን ነበር። ካቻምና በጉባኤ ላይ ምን አደረግን? «ለወላጅና ለአማት 6,000 ብር ምን ትሆናለች፣ 10,000 ትሁን» ተባለ፤ ተጨበጨበ። እጃቸውን ካወጡት አንዱ እኛ ነን። በዚያች በአንድ ጭብጨባ የዓመቱ ወጪ ወደ 164,000 ወጣ፣ ገቢው ግን ባለበት ቀረ። 20,000 ብር በየዓመቱ እንደሚጎድለን ያን ዕለት ያሰላ ሰው አልነበረም። በላዩ ላይ አምና በ4 ፈንታ 7 ሰው ሞተ። ወጪው 209,000 ሲሆን፣ የቀድሞ ቁጠባችን 58,000 ከመዋጮው ጋር ተደምሮ 202,000 ነው። የጎደለችው 7,000 ያቺ የእትዬ ገንዘብ ናት።

«ታዲያ 7 ሰው መሞቱ የክፉ ዘመን ነገር ነው እንጂ» አልናት። ልጅቷ ግን «የለም ጋሼ» አለች። በአማካይ 4 ሰው በሚሞትበት እድር፣ ሞቱ የተለያየና አንዱ ከሌላው ያልተያያዘ ከሆነ፣ 7 ወይም ከዚያ በላይ የሚሞትበት ዓመት በ9 ዓመት አንድ ጊዜ ያህል ይመጣል፤ 8ና ከዚያ በላይ የሚሞትበት ደግሞ በ20 ዓመት አንድ ጊዜ ያህል። መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ እንደሚመጣ ግን ይታወቃል። ስለዚህ የሚጠበቅ ነገር ነበር፤ ያልጠበቅነው እኛ ነን። እንዲህ ያለውን አስልቶ የሚኖር ሰው ሙያው ምን ይባላል ብንላት «አክቹዋሪ» አለችን። ስሙ አፍ አይሞላም፤ ሥራው ግን የእድር ሥራ ነው።

እንግዲህ አክቹዋሪ ማለት ምን እንደሆነ በሀገራችን ምሳሌ እናስረዳ። የሐዲያና የከምባታ እናቶች እንሰት ሲተክሉ አይታችኋል። እንሰት እንደ መሬቱ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል። ባለሙያ የሆነች ሴት ጓሮዋን አይታ ይህ ዘንድሮ ይፋቃል፣ ያ ለከርሞ ነው፣ ይህ ችግኝ ደግሞ ለልጄ ሠርግ ትላለች። በየዕድሜው ቆጥራ፣ ስንት አፍ እንዳለባት ገምታ፣ በሽታ ቢገባ እንኳ የሚተርፍ አስባ ነው የምትተክል። ዛሬ ቆጮ በዝቶልኛል ብላ ሁሉን የፋቀች ከ3 ዓመት በኋላ ትራባለች። አክቹዋሪም በገንዘብ ላይ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ዛሬ ቃል የተገባው ገንዘብ ከ10 ወይም ከ40 ዓመት በኋላ ሲጠየቅ እንዲኖር፣ አሁን ስንት መሰብሰብ እንዳለበት ያሰላል። የሚይዘውም ሦስት ነገር ነው፤ ማን በስንት ዓመቱ ይሞታል ወይም ይታመማል፣ ገንዘቡ እስከዚያ ምን ያህል ይወልዳል፣ ዋጋስ ምን ያህል ይንራል።

ይህ የመጨረሻው እኛን በጣም ያሳሰበን ነው። ልጅቷ እንዲህ አለች። ባንክ በዓመት 7 በመቶ ቢወልድልን፣ 1,000 ብር በ4 ዓመት 1,311 ብር ገደማ ይሆናል። የድንኳን ዋጋ ደግሞ በየዓመቱ 20 በመቶ ቢጨምር፣ ዛሬ 1,000 ብር የሚሸጠው በ4 ዓመት 2,074 ብር ገደማ ይገባል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሸራና የብረት ወንበር ዋጋ ምን እንደሆነ ዕቃ ግዢዎቻችን ይመስክሩ። እንዲህ ከሆነ ገንዘቡን በባንክ ከማቆየት ድንኳኑን ቀድሞ መግዛት ይሻል ነበር።

ሙያው የቆየ ነው። በስኮትላንድ አገር እ.ኤ.አ. በ1744 የቀሳውስት ሚስቶችና ወላጅ አልባ ልጆች መርጃ ማኅበር በሕግ ተቋቋመ። ያቋቋሙት ሮበርት ዋላስና አሌክሳንደር ዌብስተር የሚባሉ ሁለት ቄሶች ሲሆኑ፣ ኮሊን ማክሎሪን የተባለ የኤዲንብራ የሒሳብ መምህር አገዛቸው። ለየደብሩ ደብዳቤ ጽፈው ቆጠሩ። 930 ያህል ቄሶች አሉ፤ በዓመት 27 ያህል ይሞታሉ፤ ከነዚህ 18ቱ ሚስት ትተው ያልፋሉ። በዚህ ላይ ተመሥርተው መዋጮውን ወሰኑ፤ ከ20 ዓመት በኋላም በ1765 ማኅበሩ 58,348 ፓውንድ ይኖረዋል ብለው ጻፉ። ዓመቱ ሲደርስ ቢቆጠር 58,347 ሆነ ይባላል፤ አንድ ፓውንድ ነው የሳቱት። እኛ ይህን ስንሰማ «ነቢያት ናቸው እንዴ?» አልን። ልጅቷ ግን ማን እንደሚሞት አላወቁም፣ ስንት እንደሚሞት ነው ያወቁት አለችን። ልብ በሉ፣ ይህ እኮ እድር ነው። እነሱ ቆጠሩ፣ እኛ አጨበጨብን።

ከነሱም በፊት ኤድመንድ ሃሌ የተባለ እንግሊዛዊ የከዋክብት ተመራማሪ ነበር፤ በስሙ የሚጠራ ጅራታም ኮከብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1693 ብሬስላው ከምትባል ከተማ የሟቾችን መዝገብ አስመጥቶ፣ ከተወለዱት ውስጥ በየዕድሜው ስንት እንደሚተርፍ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አወጣ። ለምን የራሱን የለንደንን መዝገብ አልተጠቀመም? የለንደኑ የሟቹን ዕድሜ አይጽፍም ነበር፤ የብሬስላው ግን ይጽፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብን። ልጅቷ መዝገባችንን ስታገላብጥ «ጋሼ፣ የሟቾቹ ዕድሜ የታለ?» አለችን። የለም። ይህን ሁሉ ዓመት ስም፣ ቀንና የተከፈለውን ብር በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ስንጽፍ፣ ዕድሜ የሚል ዓምድ አላሰመርንም። ማንም አልጠየቀንም፤ ግን እኛም አላሰብነውም። ጸሐፊ ነኝ እያልን ስንኮራ ኖረን፣ የለንደንን ጥፋት ሆሳዕና ላይ ደገምነው።

ዕድሜ የማይጻፈው በኛ ዘንድ ብቻ አይደለም። በሀገራችን ልደትና ሞት በወሳኝ ኩነት መመዝገብ በመላ ሀገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት እንደ ቡታጅራ ባሉ ጥቂት ቦታዎች ነበር ሲመዘገብ የቆየው። በቡታጅራ አካባቢ ከ1979 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጥናት መልክ ከቤት ወደ ቤት እየተዞረ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ እየተባለ ይጻፍ ነበር። የእድር መዝገብ ግን በየሰፈሩ አለ። ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከሾኔ እስከ ሆመቾ፣ ከአንጋጫ እስከ ዶዮገና ባሉት ከተሞች በየሣጥኑ የተቀመጠው መዝገብ ዕድሜ ቢጻፍበት ኖሮ ለሀገር የሚጠቅም ነበር።

ስለ ጡረታም ጥቂት እንበል፤ ብዙዎቻችን በሱ ነውና የምንኖረው። በመሥሪያ ቤት ሳለን የስንቱን ጡረታ ሞልተናል! በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 714/2003 ዓ.ም. መሠረት 10 ዓመት ያገለገለ ከመጨረሻው 3 ዓመት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላገለገለው ለያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ እየተጨመረለት እስከ 70 በመቶ ይደርስ ነበር። 30 ዓመት ያገለገለ 55 በመቶ ያገኝ ነበር ማለት ነው። ይህን በጣታችን ስንሠራው ኖረናል። ቁጥሩ ከየት መጣ ብለን ግን ጠይቀን አናውቅም። የሚዋጣው ለሚከፈለው ይበቃ እንደሆነ፣ ሰው ረጅም ዕድሜ መኖር ሲጀምር ምን እንደሚሆን የሚመረምረው አክቹዋሪ ነው። ሰው 60 ዓመት ሞልቶት ጡረታ ወጥቶ 5 ዓመት ቢኖርና 20 ዓመት ቢኖር ለፈንዱ አንድ አይደለም። ለኛ 20ው ይሻለናል፤ ለሒሳቡ ግን ይከብደዋል።

የጤና መድኑም እንዲሁ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ደረጃ በ13 ወረዳዎች ሲጀመር፣ ከነዚያ አንዷ የከምባታዋ ዳምቦያ ነበረች። በዚህ ዓይነት መድን ትልቁ ሥጋት ጤነኛው «እኔ ምን ቸገረኝ» ብሎ ሲቀር በሽተኛው ብቻ መግባቱ ነው። ያን ጊዜ መዋጮው ለሕክምናው አይበቃም። እኛ ይህን በእድር እናውቀዋለን። አባቱ አልጋ ላይ የዋለበት ሰው ነው እየሮጠ ሊመዘገብ የሚመጣው። ለዚህ ነው አዲስ አባል 6 ወር ሳይሞላው አይከፈለውም የሚል ደንብ ያወጣነው። አባቶች ያለ አክቹዋሪ ያሰቡት ጥሩ ሕግ ነው፤ «ለዘመድ እናላላው» ለሚሉን መልሳችን ይኸው ነው።

በሌላ በኩል አክቹዋሪ ቢያየው የማይወደው ነገርም አለን። የ25 ዓመቱ ጎረምሳና የ70 ዓመቱ ሽማግሌ እኩል 50 ብር ይከፍላሉ። የመድን ድርጅት ቢሆን ሽማግሌውን እጥፍ ያስከፍለዋል ወይም አይቀበለውም። በዚህ በኩል እኛ ከመጽሐፉ ጋር አንስማማም። እድር ሽማግሌውን የሚጥል ከሆነ እድር አይደለም። ነገር ግን ጎረምሳው ለኛ እየከፈለልን እንደሆነ አውቀን ልናከብረው፣ ስብሰባ ላይ ሲናገርም «ዝም በል አንተ ልጅ» ማለትን ልንተው ይገባል።

አሁን ወደሚያመው እንምጣ። ልጅቷ ሞቱ አንዱ ከሌላው ካልተያያዘ ነው ያለችው። ቢያያዝስ? መጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ በሚባለው አውራጃ በአንድ የመኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። ከኛ አካባቢ በሞያሌ አድርጎ፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያንና ማላዊን አቋርጦ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው መንገድ በዚያው በኩል ነው። ከአንድ ሰፈር አምስት ልጆች በአንድ መኪና ቢሳፈሩ፣ የአምስት ቤት ለቅሶ በአንድ ቀን ይመጣል። አስከሬን ከጆሃንስበርግ ማስመጣት ደግሞ የድንኳንና የንፍሮ ወጪ አይደለም። እዚያ ያሉት ልጆቻችን በመካከላቸው እያዋጡ ባይልኩልን ኖሮ ስንቱ ቤተሰብ ያለ አስከሬን ድንኳን ተክሎ ያለቅስ ነበር! ደንባችን ስለዚህ የሚለው ነገር የለም። አክቹዋሪ ቢኖረን መጀመሪያ የሚያነሣው ይህን ይመስለናል፤ ብዙ ሰው በአንድ ቀን ቢሞት ከየት ይከፈላል? የመድን ድርጅቶች ለዚህ ሲሉ ራሳቸው ሌላ ትልቅ መድን ዘንድ ይገባሉ፤ ጠለፋ ዋስትና ይሉታል። የሆሳዕና እድሮች ለዚህ ለአንድ ጉዳይ ብቻ አንድ የጋራ ሣጥን ቢኖረን አይጠላም፤ ዳኞች ይነጋገሩበት።

ወጣቶች፣ «ታዲያ ይህ ሙያ እንዴት ይገባል?» ትሉን ይሆናል። ከልጅቷ ሰምተን የጻፍነውን እናነባለን። መሠረቱ ሒሳብና እንግሊዝኛ ነው። በ12ኛ ክፍል ሒሳብ ያልሸሸ ልጅ፣ በዋቸሞም ሆነ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ፣ ሒሳብ ወይም ኢኮኖሚክስ ይማራል። ዲግሪው ግን አክቹዋሪ አያደርግም። ከዚያ በኋላ የሙያ ማኅበር ፈተና አለ። የእንግሊዞቹ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1848 በለንደን፣ የስኮትላንዶቹ በ1856 በኤዲንብራ ተቋቁመው በ2010 አንድ ሆነዋል። የአሜሪካኖቹ ደግሞ አለ፤ የሱ መጀመሪያ ፈተናዎች አንዱ የዕድል ሒሳብ፣ ሌላው የወለድ ሒሳብ ነው። ሙሉ አክቹዋሪ ለመባል በእንግሊዞቹ መንገድ ከ10 የሚበልጡ ፈተናዎች ማለፍና በሥራ ላይ ልምድ መቁጠር ያስፈልጋል። አብዛኛው ሰው እየሠራ ማታ ማታ እያጠና ነው የሚፈተነው፤ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ የወደቀም ደግሞ ይፈተናል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑ ለኛ ልጆች ትልቁ እንቅፋት ነው፣ ይህን አንደብቅም። ጎረቤታችን ኬንያ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በዲግሪ ታስተምራለች፤ ደቡብ አፍሪካም የራሷ የአክቹዋሪዎች ማኅበር አላት።

በሀገራችን ግን ሙያተኛው በጣም ጥቂት ነው። መድን በሀገራችን አዲስ ሆኖ አይደለም። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. 13 የመድን ኩባንያዎች ተወርሰው ከዓመት በኋላ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ። ከ1986 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ ደግሞ የግል ኩባንያዎች ተከፈቱ። ይሁንና የሕይወት መድን እምብዛም አልተስፋፋም፤ የአክቹዋሪ ሥራ ሲያስፈልግም ከውጭ አገር ባለሙያ ማስመጣት የተለመደ ሆኖ ኖሯል። ተቆጣጣሪው ብሔራዊ ባንክ፣ የመድን ኩባንያዎቹ፣ የጡረታ መሥሪያ ቤቶቹ፣ የጤና መድኑም ይህን ሙያ ይፈልጉታል። የወጣት ልብ ወደ ሞያሌ መንገድ እንደሚሄድ እናውቃለን። ሒሳብ የሚችል ልጅ ያላችሁ ግን ለደላላ የምትከፍሉትን ገንዘብ ለፈተና መክፈያ ብታደርጉት ምን ይላችኋል? እስቲ አስቡት።

ለጉባኤው የሚቀርበው የኮሚቴው ሐሳብ ሁለት ነው። አንደኛው የወር መዋጮው ከ50 ወደ 60 ብር ከፍ ብሎ የወላጅና የአማቱ 10,000 ብር እንዳለ ይቀጥል የሚል ነው። ያን ጊዜ የዓመት ገቢው 172,800 ይሆንና በአማካይ ዓመት 8,800 ብር ይተርፋል። ሁለተኛው መዋጮው ባለበት ቀርቶ የወላጅና የአማቱ ወደ 7,000 ይመለስ የሚል ነው፤ ያን ጊዜ ወጪው 140,000 ሆኖ 4,000 ብር ይተርፋል። እኛ የምንደግፈው የመጀመሪያውን ነው፤ በሁለተኛው ስምንት ሰው ለሚሞትበት ዓመት የሚሆን ቁጠባ እስኪጠራቀም ብዙ ዘመን ይፈጃል። ዐሥር ብር የሚከብደው ቤት እንዳለ እናውቃለን፤ ስሙን ሳይጠራ ወደ ዳኛው ቀርቦ ይንገር። በዚህ ላይ ከሻይ በኋላ እጅ ይወጣል። ዘንድሮ ግን ከማጨብጨባችን በፊት ቁጥሩ በሰሌዳው ላይ ስለተጻፈ አንብቡት።

አንድ የቀረ ነገር አለ። በመዝገቡ ላይ ዕድሜ የሚል ዓምድ በቀይ እስክሪብቶ አስምረናል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የተቀበሩት ሁሉ ስማቸው አለ፣ ዕድሜያቸው የለም። በሚመጡት ሦስት እሑዶች ከሰዓት በኋላ በእድሩ ቤት እንቀመጣለን። እናትና አባታችሁን፣ ባለቤታችሁን፣ ልጃችሁን ያሳረፋችሁ ሁሉ እየመጣችሁ ዕድሜያቸውን አስመዝግቡን። በትክክል የማታውቁት «በጣሊያን ጊዜ ተወለደ» ወይም «ለውጡ ሲመጣ ስድስተኛ ክፍል ነበረች» ብትሉንም እናሰላዋለን። የአምናዋ እትዬ የባለቤቷን ትናንት መጥታ አስመዝግባለች፤ 58 ዓመቱ ነበር።